ቴዎድሮስ በኮርቻ ላይ

አፄ ቴዎድሮስ ሲነሡ ሴቫስቶፖል ይነሣል፤ የመጨረሻዋ ሽጉጥም ትነሣለች። እኔ ግን በአጅባር ጎረቤት፣ በመቅደላ የወደቁትን ንጉሥ በፈረሰኛነታቸው ማስታወስ እወዳለሁ።

በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ የተወለዱት ካሣ ኃይሉ በሽፍትነት ዘመናቸው ከኮርቻ አልወረዱም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላም የውጭ ሰዎች ጦር ወርዋሪነታቸውን አድንቀዋል። እግረኛ ጦር ሲወረውር ኃይሉን የሚያገኘው ከመሬት ነው፤ እግሩን ተክሎ፣ ዳሌውን አዙሮ፣ ከወገብ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ክንድ ያሻግረዋል። ፈረሰኛ የሚረግጠው መሬት የለውም። የዚያ ዘመን ጋላቢ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በጠባቧ እርካብ ያስገባል፣ ፈረሱን በጭኑ አጥብቆ ይይዛል፣ ከኋላ ከፍ ባለው ኮርቻ ይደገፋል። መሬቱ ይኼው ነው። ሽምጥ የሚጋልበውም ለታይታ አይደለም፤ የፈረሱ ፍጥነት በክንዱ ፍጥነት ላይ ይደመርለታል። (ካራቴ የሚሠሩ ወዳጆቼ ጉግስን ከበዓል ጨዋታ በላይ አይቆጥሩትም።)

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ይህ ስሌት ፈረሰ። ከኋላ የሚጎርሰው የእንግሊዞች ስናይደር ጠመንጃ ጦር ከሚደርስበት እጅግ ርቆ ይገድላል። 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ቀሩ።

በፋሲካ ማግሥት ቴዎድሮስ ከጥቂት መኳንንት ጋር በጠላት ፊት እየጋለቡ የአንድ ለአንድ ግጥሚያ ጠየቁ። እብደት ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን የሚያውቁትን ውጊያ መጠየቃቸው ነበር። የወጣላቸው የለም። ከሰዓት በኋላ በሩ ተሰበረ፤ ሽጉጣቸውን ጠጡ።