ሊሙን የለካው እንግዳ

ከሊሙ ገነት፣ ከአጋሮ ወይም ከጅማ ልጃቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኙ ወላጆች አንድ ስጋት አላቸው፤ ሳይንስ ተምሮ ዲኑን ይጥል ይሆን? ግቢ ውስጥ ደግሞ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት የሚሉ አይጠፉም። ይህ ሲነሳ እኛ ብዙ ጊዜ ኢብን ሲናንና አል-ቢሩኒን እንጠቅሳለን። ዛሬ ግን ሙስሊም ያልነበረ፣ በሊሙ ምድር ግን የተመላለሰ ሰው ሕይወት እናቀርባለን።

አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ደብሊን ውስጥ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ በልጅነቱም ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። በ1838 ምጽዋ ገብቶ አሥር ዓመት ያህል ከሰሜን እስከ ከፋ ዞረ። በማዕዘን መለኪያ መሣሪያው ከአንዱ ተራራ ሌላውን እያነጣጠረ ይለካል፤ በፀሐይና በከዋክብት ከፍታ ደግሞ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ከዚህ ሥራ የአገራችን ካርታ ወጣ። በ1881 ደግሞ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ።

በ1843 ሊሙ እናርያ ሲደርስ በዙፋን ላይ የነበሩት ከ1825 እስከ 1861 የገዙት ሙስሊሙ ንጉሥ አባ ባጊቦ ነበሩ። ከተማቸው ሰቃ የሲራራ ነጋዴ የሚጎርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ንጉሡ እንግዳውን ተቀብለው፣ ከከፋ ሙሽራቸውን ሊያመጡ ከሄዱት ሰዎች ጋር ወደ ቦንጋ እንዲጓዝ አደረጉ።

ዳባዲ ጽኑ ካቶሊክ ነበር። ወደ ኦሮሞ ምድር ሚሲዮናውያን እንዲላኩ ሮምን ያሳሰበውም እሱ ነው፤ ማሳያ የተሾሙት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን አንሸፍንም። በእምነት አንገናኝም፤ ከሥራው ግን የምንማረው አለ።

ተሳስቷልም። በ1846 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ግቤ ምንጭ ወጥቶ የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ ብሎ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። ግቤ ግን ወደ ኦሞ ገብቶ ቱርካና ሐይቅ ላይ የሚያበቃ ወንዝ ነው፤ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። ያኔውኑ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ተከራክሮታል። ስህተቱን ያመጣው እምነቱ አይደለም፤ ካየው በላይ መደምደሙ ነው። ያረመውም ስብከት ሳይሆን ወንዙን እስከ መጨረሻው የተከተሉ ሰዎች ጉዞ ነው።

አገሩ ከተመለሰ በኋላ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892ም ፕሬዚዳንት ሆነ። በስፔን ድንበር አጠገብ አንዳይ በተባለችው ከተማ ባሠራው ቤት ግድግዳ ላይ አማርኛ አስጻፈ። በዚያው አንድ ቤት ውስጥ የጸሎት ቤትና የከዋክብት መመልከቻ አሉ። ቤቱን ለአካዳሚው ሲያወርስ ግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት እንዲመዘገቡለት ጠይቆ ነበር፤ በመመልከቻው የሠሩትም ቀሳውስት ናቸው። በ1897 ሞቶ ከጸሎት ቤቱ ሥር ተቀበረ።

የአንድ ሰው ሕይወት ሃይማኖቱ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ፈጽሞ አይኖሩም ለሚል ግን አንድ ሰው በቂ መልስ ነው። ዳባዲ ጸሎቱን የወንዝ መለኪያ አላደረገውም፤ መሣሪያውንም ለምን እንደሚኖር አልጠየቀውም።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የዐስር ወቅት የሚታወቀው በጥላ ርዝመት ነው። ከሊሙ ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ይህን በትክክል ለማስላት የሊሙንና የመካን ኬክሮስና ኬንትሮስ ማወቅ ያሻል። ዳባዲ በእኛ ተራሮች ላይ ሲለካ የነበረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪ የምትገቡ እህቶችና ወንድሞች፣ ኢማናችሁን በር ላይ አትተዉት፤ ውጤታችሁንም ለኢማናችሁ እንዲመች አትለውጡት። የተሳሳተ ልኬት በቢስሚላህ ቢጀመርም የተሳሳተ ነው፤ እንደገና መለካት ደግሞ የአማና አካል ነው። ለእረፍት ስትመለሱ ወላጆቻችሁ የሚሰጉበትን ነገር ሲጠይቋችሁ ኢንሻአላህ በዚህ መንገድ መልሱላቸው።