ካሜራ ሳይዙ የመሰከሩት ሴት፦ ሲልቪያ ፓንክረስት

ዘጋቢ ፊልም በተባለ ቁጥር በአሳባችን የሚመጣው ካሜራውና ካሜራውን የያዘው ሰው ነው። ስለ ሕዝብ ፍጅት የሚመሰክር ፊልም ግን እንደ ማናቸውም ሕንፃ ክብደቱን የሚሸከመው ከመሬት በታች ያለው ክፍሉ ነው። ይህም መሠረት ፊልሙ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመታት አስቀድሞ ቴሌግራም፣ ደብዳቤ፣ የምስክር ቃልና ፎቶግራፍ እየለቀሙ ባስቀመጡ ሰዎች እጅ የሚጣል ነው። በአገራችን ታሪክ ለዚህ ሥራ አብነት ከሚሆኑት መካከል አንዷ የእንግሊዝ ተወላጅዋ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። የሕይወታቸውን ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ የተፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 በማንችስተር ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ባለሙያ፣ እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በተደረገው ትግል ስማቸው በዓለም የታወቀ መሪ ነበሩ። ልጃቸው ሲልቪያ ግን በመጀመሪያ ያዘነበሉት ወደ ሥዕል ጥበብ ነበር። በማንችስተር የሥዕል ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በለንደን የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተምረዋል። በ1907 በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ እየተዘዋወሩ በፋብሪካና በእርሻ የሚሠሩ ሴቶችን ሣሉ። ለመምረጥ መብት ሲታገሉ ታስረው ከወጡም በኋላ የእስር ቤቱን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሳተሙ። በዚህ ዘመን የቀረጹት ልማድ፣ ይኸውም ያዩትን ሳያሳምሩ መዝግቦ ለሕዝብ ማሳየት፣ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልተለያቸውም።

እስራቱ አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። በተደጋጋሚ ታስረዋል፤ ምግብና ውሃ አልቀምስም ብለዋል፤ በግዳጅም ተመግበዋል። በ1914 ከእናታቸውና ከታላቅ እኅታቸው ድርጅት ተለይተው በምሥራቅ ለንደን ድሆች ሠፈር ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በዚያም ጋዜጣ አቋቋሙ። የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ተቃወሙ። በኋላም የሕይወት ጓደኛቸው የሆነው ሲልቪዮ ኮርዮ ከኢጣልያ የተሰደደ የፖለቲካ ሰው ስለ ነበረ፣ የፋሺስት ሥርዓት ምን እንደ ሆነ ከብዙ እንግሊዛውያን ቀድመው ለመረዳት ቻሉ። በ1935 በመኖሪያ መንደራቸው በዉድፎርድ የአየር ቦምብ ጦርነትን የሚያወግዝ፣ በቦምብ ቅርጽ ከድንጋይ የተሠራ ሐውልት አስቆሙ። በዚያው ዓመት የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ።

በዚህ ወረራ ካሜራው በወራሪው እጅ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ሉቼ የተባለው የኢጣልያ መንግሥት የፊልም ተቋም ባለሙያዎቹን ከሠራዊቱ ጋር ልኮ ነበር። በየሲኒማ ቤቱ የታዩት ፊልሞችም የሚሠሩ መንገዶችን፣ የሚዘረጉ ድልድዮችንና እጅ የነሡ መኳንንትን ያሳዩ ነበር። ከአውሮፕላን የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ ግን በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው ገና በ1996 ነው። እኛ መሐንዲሶች እነዚያን የመንገድ ሥራ ፊልሞች ስንመለከት ይህን መዘንጋት የለብንም። የተሠራው መንገድ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱን እውነት አሳይቶ ሌላውን መሸፈንም ሐሰት ነው።

የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936)፣ ሲልቪያ ፓንክረስት 54ኛ ዓመታቸውን በደፈኑበት ዕለት ነበር። በዚያው ሳምንት አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ዜና የሚል ትርጉም ያለውን ሳምንታዊ ጋዜጣቸውን ጀመሩ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የቅርብ የትግል ጓደኛቸው ነበሩ። ሌሎች ጋዜጦች ጦርነቱ አለቀ ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ጉዳይ ሲያዞሩ፣ ይህ ጋዜጣ ለ20 ዓመታት ሳያቋርጥ ታተመ፤ በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ጭምር ይነበብ ነበር።

ከዚያም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደረሰ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው መዓት የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾችን ቁጥር 30,000 አድርጎ ሲያቀርብ፣ ኢያን ካምቤል በ2017 ባሳተሙት ጥናት 19,000 ያህል እንደሚደርስ ገምተዋል። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተረሸኑ። ፍጅቱ በተለይ ያነጣጠረው የተማረውን ትውልድ ነበር። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱ፣ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር የዘመቱ ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ተገደሉ። የሙያችንን ታሪክ ከአገራችን ስንጀምር እነዚህን ሁለት ስሞች ማስቀደም ይገባናል። አገሪቱ ለመንገድ፣ ለውሃና ለሕንፃ ሥራ ያዘጋጀቻቸው ጥቂቶች በአንድ ወቅት እንዲያልቁ መደረጉ ከነጻነት በኋላ በባዕድ ባለሙያ ላይ ለብዙ ዓመታት እንድንመካ ካደረጉን ምክንያቶች አንዱ ነው።

በዚህ ጊዜ ሲልቪያ ፓንክረስት በለንደን ተቀምጠው የዐይን ምስክሮችን ቃል፣ ከጅቡቲ የሚላክላቸውን ወሬና ፎቶግራፎችን ያትሙ ነበር። ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹን ያነሡት የኢጣልያ ወታደሮች ራሳቸው ናቸው፤ በስቅላትና በተቆረጠ ራስ አጠገብ ቆመው ለመታሰቢያ የተነሡት ሥዕል በኋላ በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆነ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በጋዜጣው ከወጡት የጦር ሜዳ ወሬዎች አንዳንዶቹ የአርበኞችን ድል አጋነው ያቀረቡ ነበሩ። ልክ ያልተመረመረበት አኃዝ ለሕንፃ እንደማይበጅ ሁሉ፣ ያልተጣራ ወሬም ለተበዳዩ አይበጅም፤ ከሳሹ አንድ ጊዜ ሲሳሳት የተገኘ እንደ ሆነ ተከሳሹ መቶ ጊዜ ያመልጥበታል። የሲልቪያ ፓንክረስት ትልቁ ውለታ እንግዲህ ያትሙት በነበረው የጦር ሜዳ ወሬ ሳይሆን ጠብቀው ባቆዩት ሰነድ የሚመዘን ነው።

ከድል በኋላ የጦር ወንጀለኞች ለፍርድ እንዲቀርቡ አጥብቀው ጠየቁ፤ በኢትዮጵያ ስለ ተፈጸመውም ወንጀል በፎቶግራፍ የተደገፈ ጽሑፍ አሳተሙ። በኑረምበርግ ችሎት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1945 የናዚ ማጎሪያ ካምፖች ፊልም በማስረጃነት ታየ። የኢትዮጵያ መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ችሎት አላገኘም። በ1948 የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው 10 ስሞች ውስጥ ባዶልዮና ግራዚያኒ በሚገኙባቸው 8 ሰዎች ላይ ለክስ የሚያበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠሩት ወንጀል አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። በዚያው ዓመት ማለቂያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። በ1949 ይህን ስምምነት ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችውም አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ፍርድ ያጣ ሕዝብ ለሌላው ሕግ መጽናት ቀዳሚ ሆኖ መገኘቱ የሚያኮራ ነው።

ሲልቪያ ፓንክረስት ምስክርነትን ከግንባታ ጋር ያስተባበሩ ሰው ነበሩ። በለንደን በነርስነት ሠልጥነው በ1942 በነቀምት ያረፉት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ። ከቀራንዮ ተነሥቶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ መሀል ከተማ የሚጓዝ ሰው ይህን ሆስፒታል ያገኘዋል፤ ዛሬ የሚታወቀው በጦር ኃይሎች ሆስፒታልነቱ በመሆኑ ከመሠረቱ ጀርባ ያሉትን ሴት የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። በ1956፣ በ74 ዓመታቸው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ አዲስ መጽሔትም ጀመሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት አርፈው፣ ወለተ ክርስቶስ ተብለው በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በአርበኞች መካነ መቃብር ተቀበሩ።

በቢቢሲ የተሠራው የፋሺስት ውርስ የተሰኘ ትርጉም ያለው ዘጋቢ ፊልም የታየው ከዕረፍታቸው 29 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ነው። የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ስለ ግድያው ሳይሆን ተከሳሾቹ እንዴት ከፍርድ እንዳመለጡ የሚያስረዳ ነበር። የኢጣልያ የመንግሥት ቴሌቪዥን የማሳየት መብቱን ገዝቶ ሳያሳየው መቅረቱም የሚታወቅ ነው። በ2012 አፊሌ በተባለች የኢጣልያ መንደር ለግራዚያኒ መታሰቢያ በቆመ ጊዜ፣ ቫሌሪዮ ቺሪያቺ የተባለ ኢጣልያዊ የፊልም ባለሙያ በ2015 ጉዳዩን የሚመረምር ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ችሎት ለተነፈገው ሕዝብ እንደነዚህ ያሉ ፊልሞች የችሎትን ቦታ በከፊል ይተካሉ፤ ይህንንም ለማድረግ የሚችሉት አስቀድሞ የተጠበቀ ሰነድ ሲኖር ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት የሚተወው የሥራ አደራ አለ። ከየካቲት 12 ሰማዕታት ብዙዎቹ በጅምላ የተቀበሩ ናቸው፤ ከተማችንም ዛሬ ከዳር እስከ ዳር በመቆፈር ላይ ናት። መሠረት ስናስቆፍር የሰው ዐፅም የተገኘ እንደ ሆነ፣ የሥራው ቀጠሮ ይተላለፋል ብለን ከአፈሩ ጋር አስጭነን መላክ አይገባንም። ሥራውን ማቆም፣ ቦታውንና ጥልቀቱን መለካት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መመዝገብና ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ የዕለት ተዕለት ሙያችን የሚፈቅድልን ምስክርነት ነው። የነዮሴፍና የነቢንያም ወርቅነህ ዘመን ሰዎች ዐፅም ከእነዚያ መካከል የማይኖርበት ምክንያት የለም።