ብራም ስቶከር

ብራም ስቶከር (ኖቬምበር 8 ቀን 1847 – ኤፕሪል 20 ቀን 1912) «ድራኩላ» የተሰኘውን ልብ ወለድ የጻፈ አየርላንዳዊ ደራሲ ነው። መጽሐፉ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901) ከተጻፉት የጎቲክ፣ ማለትም የድንጋጤና የምሥጢር ልብ ወለዶች፣ በዓለም በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ነው። ስቶከር በሕይወት ሳለ ግን ይበልጥ የሚታወቀው የአንድ ዝነኛ ተዋናይ ሥራ አስኪያጅ በመሆኑ ነበር። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመንና ትምህርት

ስቶከር በደብሊን ዳርቻ በምትገኘው ክሎንታርፍ ከሰባት ልጆች ሦስተኛ ሆኖ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ምክንያቱ ባልታወቀ ሕመም እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ላይ አሳለፈ። እናቱ ሻርሎት ተረትና ታሪክ ትነግረው ነበር። እሷ በ1832 የትውልድ ከተማዋን ስላይጎን የመታውን የኮሌራ ወረርሽኝ በልጅነቷ ያየች ስትሆን፣ በዚያ ጊዜ ሰዎች ነፍሳቸው ሳትወጣ ይቀበሩ እንደነበር ትተርክለት ነበር። ከመቃብር የሚነሣ ሰው ኋላ የድርሰቱ ዋና ነገር ሆነ።

ከሕመሙ ፈጽሞ ድኖ በ1864 ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ እዚያም በስፖርት ታወቀ።

የቴያትር ሥራ

ከትምህርት በኋላ እንደ አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ጎን ለጎንም ያለ ክፍያ ለአንድ የደብሊን ጋዜጣ የቴያትር ሂስ ይጽፍ ነበር። ከጋዜጣው ባለቤቶች አንዱ «ካርሚላ» የተባለውን የደም መጣጭ ታሪክ የደረሰው ሼሪዳን ለ ፋኑ ነበር። ስቶከር በ1876 ስለ «ሃምሌት» የጻፈው ሂስ ከተዋናዩ ከሄንሪ ኧርቪንግ ጋር አስተዋወቀው። በ1878 ፍሎረንስ ባልኮምብን አግብቶ ወደ ለንደን ሄደ፤ የኧርቪንግ ቴያትር ቤት የነበረውን ላይሲየምንም ለ27 ዓመት ያህል አስተዳደረ። ሒሳቡን፣ ደብዳቤውንና የአሜሪካ ጉዞዎቹን የሚያሰናዳው እሱ ነበር። ልብ ወለድ የሚጽፈው በትርፍ ጊዜው ብቻ ነበር።

የ«ድራኩላ» አጻጻፍ

ለመጽሐፉ ማስታወሻ መያዝ የጀመረው በ1890 ነው። በዚያው በጋ በሰሜን እንግሊዝ ወደምትገኘው የባሕር ዳር ከተማ ዊትቢ ሄደ። በገደል ላይ የፈረሰውን ገዳምና የመቃብሩን ቦታ አየ፤ በ1885 እዚያ ስለ ተሰባበረች አንዲት የሩሲያ መርከብም መረጃ ሰበሰበ። ድራኩላ የሚለውን ስም ያገኘው በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካነበበው የታሪክ መጽሐፍ ነው። የታሪኩ መነሻ ወደሆነችው ትራንሲልቫኒያ ግን ሄዶ አያውቅም፤ ያወቃት በንባብ ነው። «ድራኩላ» በሜይ 1897፣ ማለትም ከዓድዋ ጦርነት አንድ ዓመት በኋላ ታተመ።

ጭብጥና መቼት

የሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» በ1764 ከወጣ ጀምሮ የጎቲክ ልብ ወለድ መቼት ሩቅ አገር፣ ያለፈ ዘመን፣ የፈረሰ ግንብና ጨለማ ገዳም ነበር። የለንደን አንባቢ አስፈሪውን ነገር ከሩቅ ያየው ነበር። በቪክቶሪያ ዘመን ግን ፍርሃቱ ወደ ቤቱ ቀረበ። ለምሳሌ በሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የ1886 ድርሰት ውስጥ ክፉው ሚስተር ሃይድ የተከበረው የለንደን ሐኪም ሌላ ገጽታ ነው።

ስቶከር ሁለቱን መቼቶች አገናኘ። ታሪኩ በተራራ ላይ ባለ አሮጌ ግንብ ይጀምርና ድራኩላ በመርከብ እንግሊዝ ገብቶ በለንደን አቅራቢያ ቤት ይይዛል። በኢትዮጵያ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ እንደሚነገረው ሁሉ፣ ድራኩላም የሌሊት ወፍ መሆን ይችላል፤ ከሰው ፊት ሲቀርብ ግን ጨዋ መኳንንት ነው።

ታሪኩ የሚነገረው በዕለት ማስታወሻ፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራም፣ በጋዜጣ ዜናና በድምፅ መቅጃ በተቀረጸ ቃል ነው። ሚና የተባለችው ገጸ ባሕርይ የተበታተነውን ሁሉ በጽሕፈት መኪና ገልብጣ በቀን ቅደም ተከተል ታስቀምጠዋለች፤ አሳዳጆቹም የጠላታቸውን አካሄድ የሚረዱት በዚህ ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ዕውቀት ሁሉን አያድንም። ሉሲ የተባለችው ወጣት የአራት ሰዎች ደም ቢሰጣትም ትሞታለች። የደም ዓይነቶች ልዩነት የታወቀው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ፣ በ1901 ነበር።

ብዙ ሐያሲያን በታሪኩ ውስጥ የቅኝ ገዥዎችን ስጋት ያያሉ፤ ሌሎችን አገሮች የያዘችው ብሪታንያ በተራዋ በባዕድ ትወረራለች የሚል ፍርሃት።

የመጨረሻ ዓመታትና ከሞቱ በኋላ

ኧርቪንግ በ1905 ሲሞት የስቶከር ኑሮ ተናጋ። ጤናው ታውኮ በገንዘብ ተቸገረ፤ በ1911 ደራስያንን ከሚረዳ ድርጅት እርዳታ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ታይታኒክ በሰጠመች በአምስተኛው ቀን በለንደን ሞተ።

በ1922 «ኖስፌራቱ» የተባለው የጀርመን ፊልም ታሪኩን ያለ ፈቃድ ስሞቹን ቀይሮ አቀረበው። ባለቤቱ ፍሎረንስ ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም በ1925 የፊልሙ ቅጂዎች ሁሉ እንዲጠፉ ወሰነ። ጥቂት ቅጂዎች ግን ተርፈው ፊልሙ እስከ ዛሬ ይታያል። የስቶከር ማስታወሻዎችም በፊላደልፊያ በሚገኘው ሮዘንባክ ሙዚየም ተጠብቀዋል።