ሊያድን ሄዶ የቀረው ሮአልድ አሙንድሰን

በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ሮአልድ አሙንድሰን ይባላል። ደቡብ ዋልታን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የረገጠ መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ሳትሰሙ አትቀሩም። እኛን ይበልጥ የያዘን ግን የመጨረሻው ጉዞው ነው። (ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አሙንድሰን በ1872 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ከመርከበኞች ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ ሐኪም እንዲሆንላት ትመኝ ስለነበር እርሷን ላለማሳዘን ሕክምና መማር ጀመረ። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በልጅነቱ ስለ እንግሊዛዊው ጆን ፍራንክሊን አንብቧል፤ ይህ ሰው በ1845 ዓ.ም. በሁለት መርከቦች ወደ ሰሜን በረዶ ሄዶ ከነባልደረቦቹ 129 ሰው ሆነው ሳይመለሱ ቀርተዋል። ሌላው ልጅ ይህን አንብቦ ቢፈራ፥ አሙንድሰን ሰውነቱን ብርድ ለማስለመድ በክረምት መስኮቱን ከፍቶ ይተኛ ነበር። እናቱ በ1893 ዓ.ም. ስታርፍ ትምህርቱን ትቶ ወደ ባሕር ወጣ።

በ1903 ዓ.ም. ጆአ በምትባል ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ስድስት ጓደኞች ይዞ ተነሣ። አበዳሪዎቹ እንዳይዙት የወጣው በሌሊት ነው። ዓላማው ፍራንክሊን ባለቀበት በረዷማ ባሕር፥ በካናዳ ሰሜን በኩል፥ ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ ለማለፍ ነበር። በመንገዱ ላይ ሁለት ክረምት አንድ ወደብ ተቀምጦ ከአካባቢው የኢኑዊት ሰዎች ተማረ፤ የአጋዘን ቆዳ ልብስ እንዴት እንደሚለበስ፥ ውሾች የበረዶ ጋሪ እንዴት እንደሚጎትቱ ከእነርሱ አየ። በዚያ ዘመን ብዙ አውሮፓውያን ከእነዚህ ሰዎች መማርን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር። እርሱ ግን ተማሪ ሆኖ ተቀመጠ፤ በ1906 ዓ.ም. መንገዱን ፈጸመ።

የደቡብ ዋልታውን ታሪክ አናስረዝመውም። በ1910 ዓ.ም. ወደ ሰሜን እሄዳለሁ ብሎ ተነሥቶ፥ መርከቡ ማዴይራ ደሴት ስትደርስ ነው ለአብዛኞቹ መርከበኞች ጉዞው ወደ ደቡብ መሆኑን የነገራቸው። ይህን ሥራውን እኛ አንወድለትም። ታኅሣሥ 14 ቀን 1911 ዓ.ም. ከአራት ጓደኞቹ ጋር ዋልታው ላይ ደረሰ። ከ52 ውሾች የተመለሱት 11 ነበሩ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ታርደው ለሰውና ለውሻ ምግብ ሆነዋል። ሰዎቹ ግን ሁሉም በሕይወት ተመለሱ። ከአንድ ወር በኋላ የደረሰው እንግሊዛዊው ስኮት ከአራት ባልደረቦቹ ጋር በመመለሻው አለቀ።

በ1926 ዓ.ም. አሙንድሰን ኖርጌ በተባለች አየር መርከብ በሰሜን ዋልታ ላይ አለፈ። አየር መርከቧን የሠራትና የመራት ኢጣሊያዊው መሐንዲስ ኡምቤርቶ ኖቢሌ ነበር። ከድሉ በኋላ ሁለቱ በክብሩ ተጣሉ፤ አሙንድሰን በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ኖቢሌን ክፉኛ ነቀፈው።

ግንቦት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ኖቢሌ ኢታሊያ በተባለች ሌላ አየር መርከብ ከዋልታው ሲመለስ በረዶ ላይ ወደቀ። ወሬው ሲሰማ አሙንድሰን ለፍለጋው ለመሄድ ወዲያው ፈቃደኛ ሆነ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። የኖርዌይ መንግሥት የፍለጋውን መሪነት ለሌላ ሰው ስለሰጠ፥ እርሱ ከፈረንሳይ መንግሥት ላታም 47 የተባለ የባሕር አይሮፕላን አገኘ። ለአንድ ጉዞ ዓመታት ይዘጋጅ የነበረው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፥ በረዶ ላይ ለማረፍ ባልተሠራ አይሮፕላን ተነሣ። ሰኔ 18 ቀን ከትሮምሶ ከተማ ከአንድ የአገሩ ሰውና ከአራት ፈረንሳውያን ጋር በረረ። ጥቂት ሰዓታት የሬዲዮ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ይህን ስንወያይ አሳባችን ተከፈለ። ገሚሶቻችን ጠላቱን ይቅር ብሎ ሄደ አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ዝናው እንዳይረሳ ብሎ ነው አልን። አንዲት እኅታችን ግን በረዶ ላይ ያለው የተራበ ሰው ይህን አይጠይቅም ብላ ዝም አሰኘችን።

ኖቢሌን ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ስዊድናዊ አብራሪ አወጣው፤ እስከ 1978 ዓ.ም. ኖረ። ከአሙንድሰን አይሮፕላን በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ አንድ የክንፍ ተንሳፋፊ፥ በኋላም አንድ የቤንዚን በርሜል ባሕር ላይ ተገኙ። በርሜሉ በተሰበረው ተንሳፋፊ ምትክ እንዲያገለግል ተስተካክሎ ስለነበር፥ ሰዎቹ ውኃው ላይ ከወረዱ በኋላ በሕይወት ሆነው ለጥገና ታግለዋል ተብሎ ይገመታል። በ2009 ዓ.ም. የኖርዌይ ባሕር ኃይል ሰው በማይሳፈርበት የውኃ ውስጥ መሣሪያ በድብ ደሴት አቅራቢያ የባሕሩን ወለል ቢያስስም፥ ከአይሮፕላኑ ምንም አላገኘም።