ዙበይር ኢብኑል ዐዋም፦ አደራን በዕዳ የተረከቡት ሶሐባ

ታላቁ ሶሐባ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በ36ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ656፣ በበስራ አቅራቢያ ሲገደሉ ከኋላቸው አንድም ጥሬ ዲናር ወይም ድርሀም አልተገኘም። የተዉት መሬትና ቤት ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን ግን 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ዕዳ ነበረባቸው። ይህ ዕዳ ከምን እንደመጣና እንዴት እንደተከፈለ ሶሒሕ አል ቡኻሪ በዝርዝር መዝግቦታል።

ዙበይር የነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) አክስት የሶፊያ ቢንት ዐብዱልሙጦሊብ ልጅ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው እስልምናን ከተቀበሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ጀነት ከተበሰረላቸው 10 ሶሐቦችም ይቆጠራሉ። የመካ ስደት ሲበረታ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ጋር አብረው ተጓዙ። ነጃሺ ከተቀናቃኙ ጋር ለጦርነት በተፋጠጠ ጊዜ ስደተኞቹ በጭንቀት ተይዘው ወሬ የሚያመጣላቸው ሰው ፈለጉ። በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሱት ዙበይር ነበሩ፤ በአየር የተነፋ አቁማዳ ደረታቸው ላይ አስረው ወንዙን በዋና ተሻገሩና የነጃሺን ድል ለወገኖቻቸው አበሠሩ። ለሌላው ሲሉ አደጋን በራሳቸው ላይ የመውሰድ ጠባያቸው በዚያን ጊዜም ይታይ ነበር።

ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ በበድርና ከዚያ በተከተሉት ዘመቻዎች ከነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ጎን ተሰለፉ። የአቡበክርን (ረ.ዐ) ልጅ አስማእን አግብተዋል። ኸሊፋው አቡበክር በመዲና አቅራቢያ ያለውን አል ጁርፍ የተባለ መሬት እንደሰጧቸው ይተረካል፤ ዛሬ በዓጅማን የሚገኘው አል ጁርፍም በዚሁ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ዙበይር አገረ ገዥ ሆነው አያውቁም፤ ግብር የመሰብሰብ ሥራም አልያዙም።

ሰዎች ገንዘባቸውን እንዲያስቀምጡላቸው ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። ዙበይር ግን በአደራ አልቀበልም፣ ብድር ይሁንብኝ ይሉ ነበር። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በእስልምና ሕግ አደራ ተቀባይ ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ገንዘቡ ቢጠፋ አይከፍልም፤ ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። ተበዳሪ ግን የመጣው ቢመጣ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ በአንጻሩ ገንዘቡን ሊሠራበት ይችላል። ዙበይር የሰው ገንዘብ እንዳይጠፋ ስለሰጉ ኃላፊነቱን ወደ ራሳቸው አዞሩ። ያ ሁሉ ዕዳ የተጠራቀመውም በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ታሪክ በዘመናዊ ባንክ አሠራር ላይ በሚደረገው ውይይትም ይጠቀሳል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1995 በአቡዳቢ ባካሄደው 9ኛ ጉባኤው፣ በባንክ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ በሕግ ዓይን ብድር መሆኑንና ባንኩም ሲጠየቅ የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ብድር ከሆነ ደግሞ በላዩ ላይ ጭማሪ መቀበል ወለድ ነው።

በጀመል ውጊያ ዕለት ዙበይር ልጃቸውን ዐብዱላህን ጠሩ። በዚያ ቀን እንደሚገደሉ ተሰምቷቸው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸውም ዕዳቸው ነበር። ንብረታቸው ተሸጦ ዕዳው እንዲከፈል፣ ልጃቸው ከአቅሙ በላይ ከሆነበትም ከጌታቸው ከአላህ እርዳታ እንዲጠይቅ ተናዘዙ። ከዚያም ውጊያውን ትተው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ተገደሉ።

ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ስለ ዕዳው ሲጠይቁ ዐብዱላህ መጀመሪያ የነገሯቸው 100 ሺህ ብቻ ነበር፤ ሐኪምም የቤተሰቡ ንብረት ለዚህ መብቃቱን ተጠራጠሩ። ትክክለኛውን መጠን ሲሰሙ ደግሞ የማይቻል መሰላቸው። ዙበይር ግን ቀድሞ በ170 ሺህ የገዙት አል ጋባ የተባለ መሬት ነበራቸው። ዐብዱላህ በ16 ድርሻ ከፍለው እያንዳንዱን በ100 ሺህ ተመኑት፤ ባለዕዳ የሚጠይቅ ሁሉ እዚያው እንዲመጣም ጥሪ አደረጉ።

ከመጡት አንዱ 400 ሺህ የሚፈልጉት ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈር ነበሩ። እኚህ ሰው ወላጆቻቸው በስደት ሳሉ እዚያው በሐበሻ ምድር የተወለዱ ናቸው። መጀመሪያ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ልተውላችሁ አሉ፤ የዙበይር ልጅ አልተቀበሉም። ቢፈልጉ ከሌሎቹ በኋላ እንዲከፈላቸው ሐሳብ አቀረቡ፤ ይህንንም አልተቀበሉም። በመጨረሻ ከመሬቱ ድርሻቸውን ወሰዱ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አበዳሪው ጊዜ ሲሰጡ ለጊዜው ዋጋ አለመጠየቃቸው ነው። በክሬዲት ካርድ ዕዳ ግን የሚሸጠው ጊዜው ራሱ ነው። በወር 3 በመቶ ወለድ በሚታሰብበት ካርድ የ10,000 ድርሀም ዕዳ ያለበት ሰው በወሩ 500 ድርሀም ቢከፍል፣ 300ው ለወለድ ይሄዳል፤ ዋናው ዕዳ የሚቀንሰው በ200 ድርሀም ብቻ ነው። ምንም ባይከፍል ደግሞ ቀጣዩ ወለድ በወለዱ ላይ ጭምር ይታሰባል። ቁርኣን የተቸገረ ተበዳሪ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ መተው ደግሞ የበለጠ መልካም መሆኑን ያስተምራል። ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈር ያቀረቡት ሁለቱንም ነበር። የዙበይር ልጅም በበኩላቸው፣ መክፈል እየተቻለ ማዘግየት ተገቢ እንዳልሆነ በተግባር አሳዩ።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ የዙበይር ልጆች ውርሳቸው እንዲከፋፈል ጠየቁ። ዐብዱላህ ግን እምቢ አሉ። በ4 ተከታታይ የሐጅ ወቅቶች፣ በዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ሰው ካለ መጥቶ እንዲቀበል በሕዝብ ፊት አስነገሩ። አራቱ ዓመታት ሲያልፉ ነው ውርሱ የተከፋፈለው። ከኑዛዜው ሲሶ በኋላ ከአራቱ ሚስቶቻቸው ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ደረሳቸው። የቤተሰቡ ድርሻ ሊነካ የቻለው የአበዳሪዎች መብት ተጣርቶ ካበቃ በኋላ ብቻ ነበር።