ማይክል ፋራዴይና ማግኔት

ማይክል ፋራዴይ በእንግሊዝ አገር፣ በሎንዶን ከተማ አጠገብ በ1791 ዓመት ተወለደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ነገር ግን ሕመም ስለ ጸናበት ዘወትር መሥራት አልቻለም። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ እናቱ ለማይክል አንድ ዳቦ ትሰጠው ነበር፤ እሱም ያንኑ ለሳምንት ያብቃቃው ነበር። በትምህርት ቤት ያገኘው ማንበብና መጻፍ፣ ጥቂትም ቍጥር ብቻ ነው።

በ14 ዓመቱ ሙያ ሊማር ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፤ በዚያም 7 ዓመት ሠራ። ሌላው ጠራዥ መጽሐፉን ሰፍቶ፣ ቆዳ አልብሶ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ እሱ ግን የሰፋውን ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውንም ያገኘው እንዲሁ በሥራው ላይ ሳለ ነው። በ1812 ሃምፍሪ ዴቪ የሚባለው ሊቅ ሲያስተምር ሄዶ ሰማ። የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። ዴቪም በሚከተለው ዓመት በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ እንዲገባ አደረገ።

በ1820 ኧርስቴድ የሚባል የዴንማርክ ሰው፣ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አገኘ። እንግዲህ ኤሌክትሪክ የማግኔትን ሥራ ከሠራ፣ ማግኔትም በበኩሉ ኤሌክትሪክን ማስገኘት እንዳለበት ፋራዴይ አሰበ። ሞከረ፤ አልሆነለትም። ደግሞ ሞከረ። 10 ዓመት ያህል አለፈ። በ1831 ግን ሽቦ በተጠመጠመበት ቱቦ ውስጥ ማግኔት ቢያስገባ፣ ከሽቦው ጋራ የተያያዘው መርፌ ተነቃነቀ። ማግኔቱ በቱቦው ውስጥ ባረፈ ጊዜ መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ማግኔቱን ሲያወጣው ደግሞ መርፌው ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ኤሌክትሪክን የሚያስነሣው የማግኔቱ መንቀሳቀስ ነበረ! በወንዝ ውሃ ኀይል እየዞሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት መሣሪያዎች እስከ ዛሬ በዚህ ሥርዓት ይሠራሉ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ሊቃውንት፣ በማግኔትና በሚስበው ብረት መካከል ያለው ስፍራ ባዶ ነው ይሉ ነበር። ፋራዴይ ግን በማግኔት ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ ከሞረድ የወረደ የብረት ብናኝ ነሰነሰበት፤ ወረቀቱንም በጣቱ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው። ብናኙም ከማግኔቱ አንድ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጫፍ እንደ ቀስት የጐበጠ ብዙ መሥመር ሠራ። ማግኔትና ብናኝ ያለው ልጅ ሁሉ ይህን በቤቱ ሊያየው ይችላል። ፋራዴይ ከዚህ በመነሣት በማግኔቱ ዙሪያ ያለው ስፍራ ዐይን በማያየው ኀይል የተሞላ መሆኑን አስተማረ። ከፍ ያለ ሒሳብ ግን አያውቅም ነበርና በቍጥር ሊያስረዳ አልቻለም፤ ብዙዎችም አልተቀበሉትም። ኋላ ማክስዌል የሚባል የስኮትላንድ ሊቅ የመሥመሮቹን ነገር በሒሳብ ጻፈው፤ ፋራዴይም ይህን በሕይወቱ ሳለ አየ።

ለልጆች ማስተማር እጅግ ደስ ይለው ነበር። ከ1827 እስከ 1860 ድረስ በልደት በዓል ሰሞን 19 ጊዜ አስተምሯቸዋል። አንድ ጊዜም ከሰል የሞላበትን የብረት ዕቃ፣ የእሳት መቈስቈሻውንና ጉጠቱን አከታትሎ ወደ ትልቅ ማግኔት ወረወረ፤ ሁሉም እየተጣበቁ ቀሩ፤ አዳራሹም በሳቅ ተሞላ።

የማዕርግ ስም ሊሰጡት ቢፈልጉ አልተቀበለም። በ1867 ዐረፈ። በሎንዶን በሃይጌት መቃብር ያለው ድንጋዩም ስሙን፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን ይዟል።