አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (1860 – 1940 ዓ.ም.) ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ ዲፕሎማትና የፖለቲካ ሰው ነበሩ። በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፉ በመሆናቸው ይታወቃሉ። ብዕራቸውን ለነገሥታትና ለባዕድ መንግሥት ቅስቀሳ በማዋላቸውም እስከ ዛሬ ያከራክራሉ።

ልጅነትና ትምህርት

የተወለዱት ከባሕር ዳር ማዶ፣ በጣና ሐይቅ ዳር ባለው የዘጌ ልሳነ ምድር ነው። ዘጌ በጥንት ገዳማቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሉና በጫካ ቡናው የታወቀ ስፍራ ነው። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ይነገራል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣሊያ ተልከው በቶሪኖ ተማሩ። ተመልሰው በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቢሠሩም ከእቴጌይቱ ጋር ተቃቃሩ። ከዚያም ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ።

የዓድዋ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ ከራስ ዳርጌ ልጅ ከጉግሣ ጋር ወደ ኢጣሊያኖች ወገን ገቡ። ኢጣሊያኖች ጉግሣን በምኒልክ ላይ መሣሪያ ሊያደርጉት አስበው ነበር። ዓድዋ ላይ ድል ሲሆኑ ግን ያ ሐሳብ ከንቱ ቀረ፤ አፈወርቅም በኢጣሊያ ቀሩ።

መጻሕፍት

ከ1894 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ከፍራንቸስኮ ጋሊና ጋር አማርኛ አስተማሩ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» (በኋላ «ጦቢያ» የተባለው) በጦርነት የተበተነን ቤተሰብ ይተርካል። «ልብ ወለድ» የሚለው ቃልም ከዚያ ወዲህ የድርሰት ዓይነት መጠሪያ ሆነ።

በዚያው ዓመት በፈረንሳይኛና በአማርኛ ያወጡት የአቢሲኒያ መንገደኞች መምሪያ የኢትዮጵያን አስተዳደር ክፉኛ ይነቅፋል። ወታደሩ ባላገሩን መዝረፉን ያወግዛል፤ የኢጣሊያን የኤርትራ አገዛዝ ግን ያሞግሳል። ዓመት ሳይሞላ ያሳተሙት «ዳግማዊ አጤ ምኒልክ» ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ቴዎድሮስንና ዮሐንስን ዝቅ አድርጎ፣ ምኒልክን መሐሪና ሥልጣኔ አምጪ አድርጎ ያቀርባል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ታመው ነበር፤ ደራሲውም በዓድዋ ዘመን የከዷቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉን ከታሪክ ይልቅ እንደ ማስታረቂያ የሚያነቡት አሉ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው አፈወርቅ ያዳላሉ ብለው ተችተዋቸዋል። የቋንቋቸውን ውበት ግን ተቺዎቻቸው ሳይቀሩ ያደንቁታል።

ሹመትና ውድቀት

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በድሬዳዋ ጉምሩክ ከሠሩ በኋላ በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆኑ። ለዚህ ቦታ ከእሳቸው የበለጠ ኢጣሊያኛ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ለማን እንደሚያደሉ መጠራጠርም ቀላል ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትይዝ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። «አፈ ቄሳር» ተብለው በዳኝነት ተሾሙ፤ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» በተባለው ጋዜጣም ለወራሪው መንግሥት ጻፉ። በዚያው ጊዜ በትውልድ አገራቸው በጎጃም አርበኞች ጫካ ገብተው ይዋጉ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ተይዘው ወደ ጅማ ተጋዙ። ዓይናቸው ጠፍቶ በዚያው በ1940 ዓ.ም. መስከረም አረፉ።